ሰርቦ አካባቢ 6 ሄክታር የግጦሽ መሬት ለ8 ሰው፦ ምኑን ልይ?

የሰርቦ ልጅ (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡10)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ያለ ጥያቄ ነው፣ ታገሡኝ።

ተወልጄ ያደግሁት ሰርቦ ነው፤ አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከእህት ከወንድሞቼና ከአክስቴ ልጆች ጋር ሆነን 8 ሰው ነን። ሁለት ዓመት ሙሉ እቁብ ጥለን ትንሽ ብር አጠራቅመናል። አሁን አንድ ደላላ ከሰርቦ ወረድ ብሎ፣ በግልገል ጊቤ በኩል፣ 6 ሄክታር የግጦሽ መሬት አሳየን። ሻጩ በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው። ሐሳባችን ገዝተን ለስምንት መካፈል ነው። ለሰው ሦስት ሩብ ሄክታር ይደርሰዋል። ገሚሳችን ላም፣ ገሚሳችን በቆሎ፣ ታናሽ እህቴ ደግሞ አቮካዶ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብላለች።

የካቲት መጨረሻ ላይ ሄጄ አየሁት። ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ድንጋይ የሚባል የለውም። ሳሩ ቢደርቅም ጥቅጥቅ ያለ ነው። አፈሩ ጥቁር፣ ፀሐዩ ሰነጣጥቆታል። ወንዙ ቅርብ፣ መኪናም ዳር ድረስ ይገባል። እውነቴን ነው፣ ልቤ ደነገጠ።

ለእርሻ ይሆናል አይሆንም በምን አውቃለሁ? ደላላው ደግሞ «ውሉን እንደ ብድር እንጽፈዋለን፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው» ይላል። ይሄ ነገር እንዴት ነው?

አባ ፈርዳ (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡24)

የካቲት ላይ ያላማረ ሜዳ ካሳየኸኝ ቡና በእኔ ነው። ሃሃሃ። ነሐሴ ላይ ሂድና ጫማህን ይዘህ ከተመለስክ ግዛው።

ቀያሽ (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡58)

ወንድሜ፣ ከአፈሩ በፊት ወረቀቱን እንይ። መሬት ምዝገባ ላይ ጥቂት ዓመት ሠርቻለሁ። እንዳንተ ያለ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሰው በሳምንት አይጠፋም ነበር። ችግሩ አብዛኛው የሚመጣው ከከፈለ በኋላ ነው።

«ገዝተን» ያልከውን ቃል መጀመሪያ አውጣው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። አይሸጥም፣ አይለወጥም። ነገሩ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ በወጣበት በ1987 አልተጀመረም፤ ደርግ በ1967 የገጠሩን መሬት ሲወርስ ነው ሽያጩ የቆመው። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። በላዩ ያፈራውን ቤት፣ ቡና፣ ዛፍ ሊሸጥ ይችላል፤ ያ የእሱ ነው። ሳሩ በተፈጥሮ የበቀለ ሜዳ ላይ ግን ምን አፍርቷል? ቡና ያለበት መሬት ቢሆን «ቡናውን ነው የገዛሁት» ብለህ ትከራከር ይሆናል። እዚህ ያም የለህም።

«እንደ ብድር እንጽፈው» የሚሉት ነገር የታወቀ ዘዴ ነው። ክርክር ሲነሳ ግን ዳኛው የውሉን ርዕስ አይቶ አይተውህም። ሽያጭ መሆኑ ከተረጋገጠ ውሉ ፈራሽ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1808ና 1815 ላይ አለልህ፦ ሕገ ወጥ ውል ይፈርሳል፣ ሁለቱም ወገን ወደነበሩበት ይመለሳሉ። መመለስ ማለት አንተ መሬቱን ትለቃለህ፣ እሳቸው የተቀበሉትን ብር ይሰጡሃል ማለት ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ ያ ብር ምን ይገዛል?

ሕጋዊው መንገድ ኪራይ ነው። በኦሮሚያ አዋጅ ቁጥር 130/1999 ገበሬው ከይዞታው እስከ ግማሹን ማከራየት ይችላል፤ በባህላዊ እርሻ ለሚያርስ እስከ 3 ዓመት፣ በዘመናዊ እርሻ ለሚያለማ እስከ 15 ዓመት ተብሎ ተደንግጓል። ከዚያ ወዲህ ግን ሕጉ ተንቀሳቅሷል። የፌዴራሉ የገጠር መሬት አዋጅ 456/1997 እንኳ በአዋጅ 1324/2016 ተተክቷል። ስለዚህ የዓመቱንም የስፋቱንም ጣሪያ ከእኔም ከደላላም አትስማ፤ ወረዳ መሬት አስተዳደር ገብተህ ጠይቅ። ውሉም እዚያው ይመዝገብ።

አሁን ሦስት ጥያቄ ልጠይቅህ። ሰውየው የይዞታ ደብተር አላቸው? ካርታ ያለበት ነው ወይስ የድሮው? ደብተሩ ላይ የሚስታቸው ስም አለ?

የሰርቦ ልጅ (ማክሰኞ፣ ማታ 4፡15)

ደብተር አለ ብሎኛል ደላላው። እኔ አላየሁትም። ሚስት ስለመኖራቸውም አልጠየቅሁም። ግን ቀያሽ፣ ሳላከብርህ አይደለም፣ ሕጉ እንደዚያ ቢልም በአካባቢያችን ሰው ሲገዛ ሲሸጥ ነው የኖረው።

መንገድ ቀና (ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡40)

ልጁን አታስፈራሩት። እኔ በዚህ ሥራ ላይ ነኝ። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ምስክር ፈርሞ፣ ብር ተቆጥሮ ስንቱ መሬት ይዞ እያረሰ ነው። ሰው በቃሉ ያድራል። ቀበሌውም ያውቃል። ሕግ ሕግ እያላችሁ ሥራ ልታቆሙ ነው እንዴ?

እናት ሰቃ (ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡30)

መንገድ ቀና፣ ልጄ፣ ሰው በቃሉ ያድራል ያልከው እውነት ነው። ልጆቹ ግን በአባታቸው ቃል አያድሩም።

እኔ ሰቃ ጨቆርሳ ነኝ። ባለቤቴ በሕይወት እያለ አንድ ሄክታር ገደማ በዚሁ በብድር ውል ይዘን ነበር። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፣ በግ ታርዶ ነበር፣ ተመራርቀን ነበር። ሰውየው አንድም ቀን ፊቱን አላጠቆረብንም፤ በዓል ሲሆን እርጎ ይልክልን ነበር። ስድስት ዓመት አረስን። ሰውየው ሲሞት ሚስቱ መጣች። «እኔ አልፈረምኩም፣ ደብተሩ ላይ ስሜ አለ» አለች። እውነቷን ነው፣ አልፈረመችም። ያኔ ለእኛ ሴትዮዋን መጠየቅ ትዝ እንኳ አላለንም። ሁለት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላለስን። ብራችን ተመለሰ፣ አዎ። የድሮውን ብር ቆጥረው ሰጡን። ከሦስቱ ሽማግሌ ሁለቱ ሞተዋል፣ አንዱ «አላስታውስም» አለ።

በሴትዮዋ አልፈርድም። ልጆች ነበሯት።

አባ ፈርዳ (ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡41)

እናቴ፣ እግዜር ይስጥልን። መንገድ ቀና ኮሚሽኑን የሚቀበለው በስንት ዓመቱ ነው? ሲፈራረሙ ነው አይደል?

የአፈር ሰው (ረቡዕ፣ ቀን 6፡20)

የሕጉን ለቀያሽ ትቼ ወደ መሬቱ ልምጣ፤ ምክንያቱም ብትከራየውም ብትወርሰውም ይሄ ጥያቄ አይቀርልህም።

የጻፍከውን ደግሜ አነበብኩት። ለጥ ያለ ሜዳ፣ ጥቁር አፈር፣ ስንጥቅ፣ ወንዝ ቅርብ። አንተ እንደ ውበት ነው የዘረዘርከው። እኔ ኮቲቻ ነው ያነበብኩት፣ በአማርኛ ዋልካ። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጥና ውኃ አላሳልፍ ይላል። ጅማ ደግሞ ዝናቧን ታውቃለህ፣ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከመጋቢት ጀምሮ ይጥላል፣ ከሰኔ እስከ መስከረም አያባራም። ያ ሁሉ ውኃ ከዳገቱ ወርዶ የት የሚያድር ይመስልሃል?

ሳሩን ተመልከት። መሬት ስለ ራሱ ይናገራል፣ የሚናገረው በሚያበቅለው ነው። ሰርዶ በብዛት ካየህ ደህና ነው፣ ውኃው ይወርዳል ማለት ነው። ማገጥ ከሳሩ መሐል ካለ እሰየው፣ ለከብትም ለአፈርም ጥሩ ነው። ቄጠማና እንግጫ ከበዛ ግን ውኃ ይተኛበታል። ደንገል ካየህ ወደ መኪናህ ተመለስ። በየካቲት ሁሉም ደርቆ አንድ ዓይነት ስለሚመስል ሥሩን ንቀልና እይ፤ የእንግጫ ግንድ በጣትህ ስታሽከረክረው ሦስት ማዕዘን ነው፣ የሳር ክብ ነው።

ከዚያ ቆፍር። ቢያንስ አራት ቦታ፣ እስከ ጉልበትህ። በላይኛው ግማሽ ሜትር ውስጥ ግራጫ አፈር ላይ የዝገት ነጠብጣብ ካገኘህ፣ እዚያ ድረስ ውኃ በየዓመቱ ይቆማል። ይሄ ምልክት በበጋም አይጠፋም፣ ደላላም አያጠፋውም። በቆሎ እንዲህ ባለ መሬት ሐምሌ ላይ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። አቮካዶውንማ ለእህትህ ቀስ ብለህ ንገራት። አቮካዶ ሥሩ ውኃ ውስጥ ካደረ ይበሰብሳል፣ ዛፉም ይደርቃል። የእሷ ቦታ ቀዩ ዳገት ነው።

ኮቲቻ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ጤፍ ከበቆሎ የተሻለ ይችለዋል። ክረምቱ ሲወጣ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ይዘራበታል። ሰፊ መደብ አውጥቶ በመሐሉ ቦይ መቅደድ ውኃውን ያስወጣል፤ ግን ቦዩ የሚያልቅበት ቦታ ያስፈልገዋል። ስምንት ሰው ስምንት ቦይ ቆፍሮ እያንዳንዱ ወደ ጎረቤቱ ካፈሰሰ አስቡት ጠቡን።

የአፈር ናሙናም ውሰድ። ከመሬቱ በዚግዛግ እየሄድክ 15 ወይም 20 ቦታ፣ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ቀላቅለህ አንድ ኪሎ ያህል። ዳገቱና ሜዳው አይደባለቁ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ግብርና ኮሌጅ ወይም መልኮ ምርምር ማዕከል ጠይቅ። ፒኤች (የአፈሩ መኮምጠጥ መለኪያ) ከ5.5 በታች ከመጣ ኖራ ይፈልጋል፤ በአካባቢያችን ቀዩ አፈር ነው በብዛት የሚኮመጥጠው። ኖራ ደግሞ በሄክታር በኩንታሎች የሚቆጠር ነው፣ ከማጓጓዣው ጋር ሒሳብህ ውስጥ ይግባ።

አንድ የመጨረሻ። የአካባቢው ሰው ቦታውን ማን ብሎ ነው የሚጠራው?

የሰርቦ ልጅ (ረቡዕ፣ ቀን 7፡05)

ደላላው «ሜዳው» ነው የሚለው። ከብት የሚጠብቁ ልጆች ግን «ጨፌ» ሲሉ ሰምቻለሁ።

የአፈር ሰው (ረቡዕ፣ ቀን 7፡12)

በቃ፣ ስሙ ነግሮሃል።

አባ ፈርዳ (ረቡዕ፣ ቀን 7፡20)

ኦሮምኛ ለማይሰሙ፦ ጨፌ ማለት ውኃ የሚተኛበት ለምለም ሳር ያለው ሜዳ ነው። አባቶች ለስብሰባ የሚቀመጡበትም ስለነበር ነው የክልሉ ምክር ቤት ጨፌ የተባለው። ለስብሰባ ጥሩ ነው፣ ለበቆሎ እንጃ።

የላም ሐኪም (ረቡዕ፣ ማታ 2፡00)

በቆሎውን ተዉት፣ ለላም ይሁን የሚል እንደሚመጣ ስለማውቅ ቀድሜ ልጻፍ።

ውኃ የሚተኛበት ግጦሽ ማለት የጉበት ትል ማለት ነው። ትሉ እርጥብ ቦታ በሚኖር ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ሳር ላይ ይወጣል፣ ከብቱ ከሳሩ ጋር ይበላዋል። ክረምቱ ሲወጣና ውኃው ሲሸሽ፣ ዳሩ ላይ የሚቀረው ለምለም ሳር ነው አደገኛው። የተራበ ከብት ደግሞ እዚያው ነው የሚሮጠው። መድኃኒት አለው፣ ግን በየዓመቱ ወጪ ነው። ወደ ቆላው፣ ወደ ጊቤ ሸለቆ በወረድክ ቁጥር ገንዲም አለ፣ በቆላ ዝንብ የሚተላለፈው የከብት በሽታ፤ ዝንቡ ያን ከፍታ ይድረስ አይድረስ የወረዳውን የእንስሳት ክሊኒክ ጠይቅ። አዲስ አበባ አካባቢ ገዝታችሁ ልታመጡት የምታስቡት የተዳቀለ ላም ከሆነ ከሁለቱም ጋር አይተዋወቅም።

ስንት ከብት ይችላል ለሚለው፣ ሒሳቡ ቀላል ነው። 250 ኪሎ የሚመዝን ከብት በቀን ከክብደቱ 2.5 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ይበላል፣ 6 ኪሎ ከሩብ ማለት ነው። በዓመት 23 ኩንታል ገደማ። በመስከረም መጨረሻ ሂድ፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ቦታ ለካ፣ ሳሩን እስከ ታች እጨድ፣ አድርቅ፣ መዝን። አሥር ቦታ አድርገው። ለምሳሌ በአማካይ 250 ግራም ቢወጣ፣ በሄክታር 25 ኩንታል ነው። ግማሹን ለመሬቱ ተውለት፣ ካልተውክ በሁለተኛው ዓመት አረም ነው የምታበላው። 12 ኩንታል ተኩል ቀረ። ይሄ ለግማሽ ከብት ነው። በሄክታር ግማሽ! ያንተ ሦስት ሩብ ሄክታር አንድ ላም በግጦሽ ብቻ አያሳድርም።

ስለዚህ እኔ ብሆን ከብቱን በረት አስሬ፣ ደረቅ ያለው ቦታ ላይ ዝሆኔ ሳርና ደሾ ተክዬ፣ እያጨድኩ አበላለሁ። ለዚያ ደግሞ 6 ሄክታር አያስፈልግህም።

መንገድ ቀና (ረቡዕ፣ ማታ 2፡35)

እንዲህ ከሆነ ማንም ገበሬ ከብት ባልኖረው። እዚያ ሜዳ ላይ በዓይኔ ያየሁት ከብት ከመቶ ይበልጣል፣ ሁሉም ጠግቦ ነው የሚገባው።

ቀያሽ (ረቡዕ፣ ማታ 2፡50)

መንገድ ቀና፣ ሳታስበው ትልቁን ነገር አወጣኸው። ከመቶ በላይ ከብት የማነው? የአንድ ሽማግሌ?

የሰርቦ ልጅ፣ ይሄን በደንብ ስማ። የግጦሽ መሬት ከእርሻ መሬት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። እርሻ ማን እንደሚያርሰው ይታያል። ግጦሽ ግን ብዙ ጊዜ የጋራ ነው፣ የቀበሌው ሁሉ ከብት የሚሰማራበት። የጋራ ይዞታ አንድ ሰው ሊያከራየው እንኳ አይችልም። ሰውየው ጥግ ላይ ትንሽ ይዞታ ይኖራቸው ይሆናል፤ ሲያሳዩህ ግን እጃቸውን ዘርግተው እስከ ወንዙ ነው የሚያሳዩህ። ካርታ ያለበት ደብተር ከሆነ የማሳው ቅርጽ፣ ስፋትና አዋሳኞቹ ተጽፈዋል። ወስደህ ከመሬቱ ጋር አመሳክር። ስልክህ ላይ ጂፒኤስ ከፍተህ ዙሪያውን ብትሄድበት ስፋቱን በግምት ታገኘዋለህ፣ ለመጀመሪያ ይበቃል።

ማታ 11 ሰዓት ላይ ሂድና ከብት በየት በኩል እንደሚገባ ተመልከት። የከብት መንገድ፣ የውኃ መውረጃ፣ ሴቶች ወንዝ የሚወርዱበት ቀጭን መንገድ፣ እነዚህ ካርታ ላይ ባይኖሩም ብታጥራቸው የምታጣላው ከአገሩ ሁሉ ጋር ነው። አጥር ያጠርከው ዕለት እድር ውስጥ የሚያናግርህ አታገኝም።

ክፍፍሉንም ልሥራልህ። ሁሉም ነገር ተሳክቶ 6ቱም ሄክታር ሕጋዊ ነው እንበል። ውኃ የሚተኛበትን ሁለት ሄክታር ቀንስ፣ ይሄ ቸርነት ነው። ስምንት ማሳ የሚያደርስ የጋሪ መንገድ ቀንስ። የወንዙን ዳር ቀንስ። 3 ሄክታር ተኩል ከቀረ ጥሩ ነው። ለስምንት ሲካፈል ግማሽ ሄክታር አይሞላም። በአዋጅ 130 ደግሞ ለዓመታዊ ሰብል ከግማሽ ሄክታር፣ ለቋሚ ተክል ከሩብ ሄክታር በታች ይዞታ መቆራረስ አይፈቀድም ተብሎ ተደንግጓል፤ አሁንም ያው መሆኑን ወረዳ ጠይቅ። ደላላው ለስምንት የከፈለው ወረቀት ላይ ነው፣ ወረቀት ደግሞ ደረቅ ነው።

ደግሞስ እናትህ ሰርቦ አይደሉም እንዴ? እሳቸው ምን አሉ?

የሰርቦ ልጅ (ረቡዕ፣ ማታ 4፡30)

እውነት ለመናገር እናቴን አልጠየቅናትም። ልናስደንቃት ነበር።

እናት ሰቃ (ረቡዕ፣ ማታ 4፡38)

ወይ ልጆች!

የሰርቦ ልጅ (እሑድ፣ ማታ 1፡15)

ሰላም። ዓርብ ወርጄ ዛሬ ነው የተመለስኩት። ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ስለጠየቀኝ እዚሁ ልጻፈው።

መጀመሪያ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ፣ ያለ ደላላው። ጥሩ ሰው ናቸው፣ ቡና አፍልተው ተቀበሉኝ። ደብተሩን እንዲያሳዩኝ ስጠይቅ አላቅማሙም። ካርታ አለው። 1.8 ሄክታር ነው የሚለው፣ የሚስታቸውም ስም አብሮ አለ። ሌላው የጋራ ግጦሽ ነው። «6 ሄክታር ነው ብለውኝ ነበር» ስል ሳቁ። «እኔ ከዚህ ዛፍ እስከዚያ ዛፍ ነው ያልኩት፣ ቁጥሩን ያወጣው ልጁ ነው» አሉ። ሚስታቸው ጀበናውን እንደያዙ ዝም ብለው ያዩኝ ነበር። እናት ሰቃ የጻፉት ትዝ ብሎኝ በቀጥታ ጠየቅኋቸው። ስለ ሽያጩ ምንም አልሰሙም። ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ የነበረውን ዝምታ ልነግራችሁ አልችልም።

ከ1.8ቱ ውስጥም ሦስት ጉድጓድ ቆፈርኩ። በታችኛው ሁለቱ ላይ የአፈር ሰው ያለው ዝገት አለ፣ የመጀመሪያው ክንዴ ግማሽ ሳይደርስ ነው የወጣው። የላይኛው ጥግ ቀላ ያለ ነው፣ ዝገት አላየሁበትም። እንግጫውን ግንዱን አሽከርክሬ አይቻለሁ፣ ሦስት ማዕዘን ነው። ከብት ጠባቂዎቹ ልጆች ሲስቁብኝ ዋሉ።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። «ጨፌውን?» አለች። «ልጅ ሆነህ ጥጃችን የሰመጠችበትን? አባትህ በገመድ ያወጣት?» እኔ ምንም አላስታውስም፣ አራት ዓመቴ ነበር አለች። ከዚያ ተነስታ የራሷን ደብተር አመጣች። ቡና ካለበት ከጓሮው ሌላ፣ ከቤቱ በላይ ዳገቱ ላይ ሩብ ሄክታር የምትሆን ሳር ብቻ ያለባት ቁራጭ አለች። ቀይ አፈር። ለጎረቤት ከብት ነው የምትተዋት። «እሷን ማን ጠየቀኝ?» አለች።

እህቴ ማታውኑ ደውላ አቮካዶ ስንት ሜትር ርቀት እንደሚተከል ጠይቅልኝ አለችኝ። የሽማግሌውን የላይኛውን ጥግ ደግሞ ባልና ሚስት ከተስማሙ ለመከራየት አስበናል፤ ሰኞ ወረዳ ሄደው ዓመቱንና አመዘጋገቡን የሚጠይቁልኝ አጎቴ ናቸው። ለስምንቱ አይበቃም። ሦስቱ ከእቁቡ ይውጣልን ብለዋል፣ አንዱ ተቆጥቷል።

መንገድ ቀና (እሑድ፣ ማታ 1፡40)

ያንን ደላላ አውቀዋለሁ መሰለኝ። እኔ አይደለሁም፣ ለማንኛውም።

አባ ፈርዳ (እሑድ፣ ማታ 1፡44)

ማን አለ አንተ ነህ?

ቀያሽ (እሑድ፣ ማታ 2፡05)

ስምና ስልክ እዚህ እንዳትለጥፉ። የሰርቦ ልጅ፣ አጎትህ ሰኞ ሲሄዱ ሁለቱንም ባልና ሚስት ይዘው ይሂዱ፣ ከነመታወቂያቸው። የእናትህንም ደብተር ቅጂ ይያዙ፤ ቁራጯ በእሳቸው ስም በካርታው ላይ መኖሯን በዚያው ያረጋግጡ።

የአፈር ሰው (እሑድ፣ ማታ 2፡30)

ለእህትህ፦ እንደ ዝርያው ነው፣ ግን 7 ሜትር በ7 ሜትር ብላ ብትነሳ አትሳሳትም። በሩብ ሄክታር 50 ችግኝ ገደማ። ጉድጓዱን ከአሁኑ ትቆፍር፣ ፍግ ከላይኛው አፈር ጋር ቀላቅላ ታቆየው፣ ዝናቡ ሲረግጥ ትትከል። የተዳቀለ (በሌላ ግንድ ላይ የተቀጠለ) ችግኝ መሆኑን አይታ ትግዛ፣ የተቀጠለበት ጠባሳ ግንዱ ላይ ይታያል። የጎረቤቱ ከብት የለመደው ቦታ ስለሆነ ግን መጀመሪያ አጥሩን፣ ከአጥሩም በፊት ጎረቤቱን።